በረኛውና ሃያ ሰባት ቁጥር ጣቢያ

የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ቅጽል ስሙ በረኛው ነው። ስሙን ያወጡለት ሾፌሮቹ ናቸው፤ ከሩቅ ሆኖ ወደ ዋናው ኮምፒውተር የሚገባውን ሰው ሁሉ የሚያስገባውም የሚከለክለውም እሱ ስለሆነ። ጠዋት ደረጃው ላይ ሲያገኙት «ዛሬስ ስንት ገባብህ?» ይሉታል። እሱም ሳይስቅ «ስልሳ ሦስት» ይላቸዋል። እውነቱን ነው። ስልሳ ሦስት የዝናብና የሙቀት መለኪያ ጣቢያዎች አሉን፤ ሁሉም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እየገቡ የለኩትን ይልካሉ።

እኔ የምሠራው ከክፍሉ ፊት ለፊት፣ መረጃ ክፍል ነው። ሥራዬ ጣቢያዎቹ የላኩትን ቁጥር ማየትና ባዶ ቦታ መፈለግ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በተከፈተ በር ስንተያይ ስለኖርን፣ ስለ እሱ የማወራው ሰምቼ ሳይሆን አይቼ ነው። ቀጭን ነው፤ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ። ቁልፍ ሰሌዳ አጠገብ ምግብ አይበላም፤ ሌላው ሲበላ ካየም ይቆጣል። ሚስቱ አስተማሪ ናት። ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ ታላቂቱ ጆሮዋ ትንሽ ስለሚከብዳት ከእሷ ጋር በስልክ ሲያወራ ካልሆነ በቀር ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም።

ሥራውን ሁሉ ላስረዳ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አብዛኛው ለኔም አይገባኝም። አንዱን ግን አውቃለሁ፤ ሼል የሚሉትን። ሰው ከሩቅ ሆኖ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ሲገባ፣ ውስጥ ሆኖ የሚቀበለው ፕሮግራም አለ። የሚጽፈውን የሚሰማው እሱ ነው፤ የሚመልስለትም እሱ ነው። ሼል ማለት ይኼ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። የፈለጉትን እንዲያዙት የሚፈቅድ አለ፤ አምስት ምርጫ ደርድሮ «አንዱን ምረጥ» ከማለት ሌላ የማያውቅም አለ። በሌላ መሥሪያ ቤት ለሁሉም አንድ ዓይነት ሰጥተው ይገላገላሉ አሉ። የኛው ሰውዬ ግን ለእያንዳንዱ ለይቶ ነው የሚመርጠው።

አዲስ የጣቢያ ሠራተኛ ሲቀጠር ስልክ ይደውልና ሦስት ነገር ይጠይቃል። በስንት ጣት ነው የምትጽፈው? መስመሩ በቀን ስንቴ ይቆረጥብሃል? ስትሳሳት ምን ታደርጋለህ? ዋናው ሦስተኛው ነው ይላል። «ቁልፉን ሁሉ እደበድበዋለሁ» ያለ ሰው አምስቱ ምርጫ ይበቃዋል። «ቆም ብዬ አነባለሁ» ያለው ሰፋ ያለው ይሰጠዋል። ኃላፊያችን ከሁሉ የሚበልጠው፣ ባለ ቀለሙ፣ እንዲሰጣቸው በደብዳቤ አዘዙ፤ ተሰጣቸው፤ እስከ ዛሬ አንድ ቀን ገብተው አያውቁም።

ከሥራ የሚሰናበት ሰው ሲኖር ስሙን አያጠፋም። ስሙ ከጠፋ ሲሠራ የኖረው ፋይል ሁሉ ባለቤት አልባ ይሆናል። ስለዚህ ሼሉን ብቻ ይቀይርለታል፤ አንድ ነገር ተናግሮ ወዲያው በሚዘጋ ሼል። ኮምፒውተሩ ይዞት የመጣው ንግግር ደረቅ ነው፤ «ይህ መግቢያ አሁን አይገኝም» ይልና ያቋርጣል። በረኛው ይኼ አልዋጥልህ አለው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ፣ እጁ ለምዶ አንድ ጠዋት ቢገባ እንዲህ ነው የሚባለው ወይ አለ። አንድ ከሰዓት ሙሉ እየጻፈ እየሰረዘ ዋለና የራሱን አወጣ፦ «ስለ አገልግሎትዎ ከልብ እናመሰግናለን። ይህ የመግቢያ ስም ከዛሬ ጀምሮ አይሠራም። መልካም ጊዜ ይሁንልዎ።» አማክሮኝ ነበር። «ከልብ» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

የሃያ ሰባት ቁጥር ጣቢያ ሠራተኛ ሴት ናቸው። ኮረብታ ላይ፣ ከመለኪያዎቹ አጥር አጠገብ፣ ባለ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ኖረዋል። ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ሥራው ካለ ቤቱ አለ፣ ሥራው ከሌለ የለም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ከኮረብታው በታች ባለው ከተማ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ከኛ ማንም በአካል አይቷቸው አያውቅም። በስልክ እትዬ እንላቸዋለን፤ እርስ በርሳችን ስናወራ ደግሞ ሃያ ሰባት።

የእትዬ ችግር መስመሩ ነበር። አምስቱ ምርጫ ተደርድሮ ሳያልቅ ይቆረጥባቸዋል፤ እንደገና ይገባሉ፣ እንደገና ይቆረጣል። ከሰባት ዓመት በፊት በረኛው ተቀምጦ ለእሳቸው ብቻ የሚሆን ትንሽ ሼል ጻፈላቸው። ሲገቡ «ዝናብ?» ይላል፣ ቁጥሩን ይጽፋሉ። «ከፍተኛ ሙቀት?» ይላል፣ ከዚያ «ዝቅተኛ ሙቀት?» ይልና ተቀብሎ ይዘጋል። ከጥያቄ እስከ መልስ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በዓለም ላይ አንድ ተጠቃሚ ብቻ ያለው ሼል የኔ ነው እያለ ይኩራራ ነበር፤ እሱ የሚኩራራበት ሌላ ነገር አላየሁም።

ባለፈው ዓመት የኮምፒውተር ደህንነት የሚመረምሩ ሰዎች መጡ። ሁለት ናቸው፤ ሦስት ቀን ቆይተው፣ በኛ ወንበር ተቀምጠው፣ አንድ ሪፖርት ትተው ሄዱ። ሪፖርቱ፦ አሥራ አንድ ዓይነት ሼል አገኘን፣ ይኼ ለቁጥጥር አይመችም፣ ሁለት ብቻ ቀርተው ሌላው ይነሣ ይላል። ኃላፊያችን ከስሩ «እስከ ዓርብ ይፈጸም» ብለው ፈረሙበት። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

በረኛው በሥራው ቆቅ ነው። አንድ ነገር ሲቀይር ማሽኑ ላይ የገባበትን መስኮት አይዘጋም፤ በሌላ መስኮት በዚያ ሰው ስም ገብቶ፣ አይቶ፣ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። ለስልሳ ሦስት ጣቢያና ለዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ሁለት ቀን ነው የተሰጠው። ስለዚህ በጅምላ ሠራው። በመርማሪዎቹ ዝርዝር ያሉትን አሥራ አንድ ዓይነቶች እየተከተለ፣ የተሰናበቱትን ትቶ፣ ሰዎቹን ወደ ሁለቱ አዛወረ። ከዚያ የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰጠ፤ ከሁለቱ ውጭ የቀረ ካለ የተሰናበተ ሰው ነውና የስንብቱ ሼል ይሰጠው። ከሰው ኃይል ክፍል እንደልማዱ ዘግይቶ የመጣለት ዝርዝር የተሰናበቱት አሥራ ዘጠኝ ናቸው ይላል። ኮምፒውተሩም አሥራ ዘጠኝ ተቀየረ አለው።

ቁጥሩ ገጠመ። ስሞቹን ቢያነብ ኖሮ ይኼ ታሪክ አይኖርም ነበር፤ ሁልጊዜም ያነባል፤ የዚያን ቀን ቁጥሩን ብቻ አየ። ከአሥራ ዘጠኙ ተሰናባቾች አንዱን ራሱ ከወራት በፊት ቀይሮት እንደነበር ረስቷል። የቀሩት አሥራ ስምንት ናቸው። አሥራ ዘጠነኛዋ እትዬ ነበሩ። የእሳቸው ሼል ለብቻው ተጽፎ ለብቻው የተቀመጠ ስለሆነ መርማሪዎቹ አላዩትም፤ አሥራ ሁለተኛ ዓይነት መኖሩን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው። እሱም ደክሞታል። በአምስት ጣቢያዎች ስም ገብቶ ሞከረ፣ ሁሉም ሠሩ፣ ሹራቡን አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ባዶ ቦታ የማየው በየሰኞው ነው። የመጀመሪያው ሰኞ ሃያ ሰባት ሦስት ቀን ባዶ ነበር፤ መስመሩ ነው ብዬ አለፍኩት። ይኼንን የምናገረው ጥፋቱ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ እንዳይከመር ነው። በሁለተኛው ሰኞ አሥር ቀን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ያልላከ ጣቢያ ይዘጋል፤ አንዴ ከተዘጋ ማስከፈት አበሳ ነው፣ ሠራተኛውም አብሮ ይሰረዛል። ወደ ጣቢያው ስልክ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ የሚያነሣ የለም። ተነሥቼ ወደ በረኛው ክፍል ገባሁ።

«ሃያ ሰባት ምንም ሳይልኩ አሥር ቀን ሆናቸው። ስልክም አያነሡም።»

ወደ ማሽኑ ዞሮ አንድ ነገር ጻፈ። የመጣለትን መልስ አነበበ። ደግሞ አነበበ። 

«አመስግኜ አባርሬያቸዋለሁ» አለ።

የቀጣናው አስተባባሪ ጋ ደወልን። አዎ፣ እቃቸውን ጭነው ወደ ልጃቸው ወጥተዋል፤ ቁልፉንም አስረክበዋል፤ ፈርሜ ተቀብያለሁ አለን። ማን አሰናበታቸው ስንለው «ከላይ ነው የመጣው» አለ። ከላይ ማን? «ከላይ ነዋ» አለ፤ እኛ መጠየቃችን ገርሞታል። ከላይ መጣ ከተባለ ማንም አንገቱን ቀና አድርጎ የማያይበት መሥሪያ ቤት ነው የኛ።

ሼላቸውን መመለሱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የሚገባበት ሰው ግን የለም። በረኛው ኃላፊያችን ዘንድ ገብቶ የሆነውን ተናገረ። እሳቸውም አልተቆጡም፤ «የቴክኒክ ብልሽት ብለህ ጻፍ፤ ለሴትየዋም ደውልና ይመለሱ በላቸው» አሉት።

«ብልሽት አይደለም። እኔ ነኝ» አለ። «በስልክም አልነግራቸውም። እሄዳለሁ።»

«መኪና የለም።»

«አውቶቡስ አለ።»

በማግስቱ አብሬው ሄድኩ። ለምን ትሄጃለሽ ቢሉኝ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት አልነበረኝም። በአራት ሰዓቱ መንገድ ሁለቴ ብቻ ነው የተናገረው፤ አንዴ ስለ አውቶቡሱ መስኮት፣ አንዴ «ስሞቹን አላነበብኩም» ብሎ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጠባብ ነው። ከፊት ማሽኑና ባንኮኒው፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ክፍል። ልጅቱ ማን እንደሆንን ስንነግራት የያዘችውን ወረቀት አስቀምጣ «ምን ቀራችሁ ደግሞ?» አለችን። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችልን። በግድግዳው ጥግ በገመድ የታሰሩ ካርቶኖች እንደተደረደሩ ናቸው፤ አንዱም አልተፈታም። እትዬ መሬት በተነጠፈ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው የተባዙ ወረቀቶችን በቅደም ተከተል እየለዩ ይሰበስባሉ። አጠር ያሉ፣ ፈርጠም ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ተንጠልጥሏል።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ። የኮምፒውተሩ።»

«ድምፅህን አወቅኩት» አሉ። «በስልክ ወፍራም ሰው ትመስለኝ ነበር። ተቀመጡ እንጂ።»

የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀመጥን። ያኔ ነው ግድግዳውን ያየሁት። በእጅ ጽሑፍ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት በፕላስቲክ ተለብጦ ተለጥፏል። ስለ አገልግሎትዎ ከልብ እናመሰግናለን ይላል። እስከ መጨረሻው ተገልብጧል፤ መልካም ጊዜ ይሁንልዎ የሚለው ከሥሩ ተሰምሮበታል። በረኛውም አየው። 

«ስህተት ነው፣ እትዬ» አለ። «የእኔ ስህተት ነው። ማንም አላሰናበተዎትም። ሥራዎም ቤትዎም እንዳለ ነው። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

እትዬ የሚለዩትን ወረቀት አቆሙ። «ማንም?»

«ማንም።»

«ታዲያ መደወል አልነበረብሽም እንዴ፣ እማዬ?» አለች ልጅቱ ከመጋረጃው በኩል። «ደውዪ ብዬሽ አልነበረም?»

«ምን ብዬ ነው የምደውለው?» አሉ። ወደ እኛ ዞሩ። «መስመር ሲቆረጥ ብልሽት ነው፣ እደውላለሁ። ማሽኑ ቢንተባተብ፣ ቢሳደብም እደውል ነበር። ይኼ ግን እርስዎ ብሎ፣ አመስግኖ፣ መርቆ ነው ያሰናበተኝ። ማሽን እንዲህ አይልም፤ ሰው ተቀምጦ፣ አስቦበት የጻፈው ነው አልኩ።»

«ሰው ነው የጻፈው» አለ በረኛው። «እኔ ነኝ።»

«ለኔ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። እኔ ብሆን እዋሽ ነበር፤ እንዲዋሽም በዓይኔ ለምኜዋለሁ።

«አይደለም» አለ። «ለሚሰናበት ሰው ሁሉ ነው።»

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ። 

«ሃያ ስድስት ዓመት ቁጥር ልኬ ማንም እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝ አያውቅም» አሉ። ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር፤ የሙቀት ልክ የሚናገሩ ነበር የሚመስሉት። «እቃዬን ሳስር ልጄ ተናድዳ ልታብድ ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ሲያዩኝ ኖረዋል ብዬ ነው። እንግዲህ ምስጋናውም ስህተት ነው ማለት ነው?»

 አፌ ቀደመኝና «ከልብ የሚለውን እኔ ነኝ የጨመርኩት» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። «አንቺ ታውቂኛለሽ?»

«ቁጥርዎን በየሳምንቱ አየዋለሁ» አልኩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደሚገባ መልስ ቆጠሩልኝ መሰለኝ።

ተነሡና ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ በጥንቃቄ ላጡት። ማጣበቂያው ትንሽ የግድግዳ ቀለም ይዞ መጣ። እትዬ ወረቀቱን ለበረኛው ሰጡት።

«ውሰደው። የኔ አይደለም።»

ተቀበላቸው። ከዚያ ገመድ መፍታት አያስፈልግም፣ እንደታሰረ ይጫን አሉ፤ ልጅቱ ጋሪ ልትጠራ ወጣች። እትዬ ጫማቸውን እያጠለቁ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያለፉትን ቀኖች ምን ታደርጓቸዋላችሁ አሉ።

«ባዶ ይሆናሉ» አልኳቸው።

«ይሁኑ። ዜሮ ብላችሁ እንዳትሞሉ ብቻ። ዜሮ ማለት ቆሜ አየሁ፣ አልዘነበም ማለት ነው። እኔ አልነበርኩም።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሃያ ሰባት መጣ። ዝናብ አራት ነጥብ ሁለት። በረኛው ከክፍሉ ሆኖ አየኝ፣ እኔም አየሁት።

ሪፖርቱን «ስህተቱ የእኔ ነው» ብሎ ጻፈ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። እሱም ፈርሞ ተቀበለና ለእትዬ የምስጋና ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ማመልከቻ አስገባ። እኔም አብሬ ፈረምኩ። ኃላፊያችን አንብበው በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው አሉ፤ ነገር ግን የምስጋና ደብዳቤ ቅጹ «በጡረታ ለሚሰናበቱ» ነው የሚለው፤ ሴትየዋ አራት ዓመት ይቀራቸዋል፤ ጊዜው ሲደርስ አስታውሱኝ አሉ። የማስጠንቀቂያ ቅጹ ግን ለሁሉም ይሆናል። ይኼን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በረኛው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ማንንም ሳያስፈቅድ በእትዬ ሼል ላይ አንድ መስመር ጨመረ። ሦስቱን ቁጥር ጽፈው ሲጨርሱ፣ ከመዘጋቱ በፊት፣ «እናመሰግናለን፣ እትዬ» እንዲላቸው። ለኔ ሲያሳየኝ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ ብሎ ነበር። እኔም ግሩም ነው አልኩት።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ጠራ። እሱ ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ታላቂቱ ልጁ መስላው ከፍ ባለ ድምፅ «አቤት!» ብሎ አነሣ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የእትዬ ድምፅ ከስልኩ ውጭ ይሰማ ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ያቺን የመጨረሻዋን ቃል አንሣልኝ።»

«የቷን፣ እትዬ? እናመሰግናለን የምትለውን?»

«እሷን። በቅን ልቦና እንደጻፍክልኝ አውቃለሁ። ግን ባየኋት ቁጥር እንደገና ያሰናበቱኝ ይመስለኛል። ካርቶኖቹን እስከ ዛሬ አልፈታሁም።»

በረኛው ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ይዞ ማሽኑ ላይ መስኮት ከፈተ፤ ያቺን የምስጋና መስመር አጠፋ። በሌላ መስኮት በእሳቸው ስም ገብቶ ሦስቱን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አየ። እትዬ እስኪጨርስ ይጠብቁ ነበር፤ ከወዲያ ነፋስ ይሰማል።

«ወጣች?»

«ወጥታለች፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዛሬ ማታ እቃዬን እፈታለሁ» አሉና ስልኩን ዘጉት።